ደረጃ ወይስ ዲግሪ? የሆቴል ሙያ ትምህርት ቤት አመራረጥ ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግስት በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በመንዝም ሆነ በምንጃር በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ሆነዋል። የቀረው ተማሪ ወዴት ይሂድ? አባት በግ ሸጦ፣ እናት ከጎተራው ገብስ አውጥታ ገበያ ወስዳ ልጃቸውን ሌላ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲመክሩ፣ ደጋግሞ ከሚነሡት አማራጮች አንዱ የሆቴል ሙያ ነው።

አማራጩ የተጠላም የተወደደም ነው። በአንድ ወገን «ልጄን አስተናጋጅ እንዲሆን አላስተማርሁም» የሚል ወላጅ ዛሬም አለ። በሌላ ወገን ነጭ የሼፍ ኮትና ረጅም ቆብ ለብሶ በቴሌቪዥን የሚታየውን ባለሙያ ያየ ወጣት፣ ከኮሌጁ በር እስከ ትልቁ ሆቴል ያለው መንገድ አጭር ይመስለዋል። ሁለቱም ሙያውን ከሩቅ የሚያዩ ናቸው። በመካከላቸው ገንዘብ ይከፈላል፤ የወጣቱ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ዓመትም ይሄዳል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ትምህርት ቤቱን መመርመር ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ጉዳይ ነው።

ሙያው ለአካባቢው እንግዳ አይደለም

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት የተደራጀ ሥራ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1834 ዓ.ም የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን የተቀበለው እዚያ ነው። በዚያው ዘመን በአልዩ አምባ የተቀመጠው ቻርልስ ጆንስተንም ስለ «ድርጎ» በመጽሐፉ ጽፏል። ድርጎ ማለት እንግዳው በንጉሡ አገር እስካለ ድረስ በመንግሥት ትእዛዝ የሚሰፈርለት ቀለብ ነው። ዛሬ «ፉል ቦርድ» ከሚባለው የሆቴል አገልግሎት ጋር ቢነጻጸር ልዩነቱ ሒሳብ አለመጠየቁ ነው።

በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት የየራሳቸው ሠራተኛና አለቃ ነበራቸው፤ አሳላፊው ከአብሳዩ የተለየ ባለሙያ ነበር። ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊየ በአውሮፓ ሆቴሎች ያደራጀው የማእድ ቤት ክፍፍል፣ ማለትም ሥጋውን፣ መረቁን፣ ቀዝቃዛውን ምግብና ጣፋጩን ለየብቻ ባለሙያ የሚሰጠው አሠራር፣ በሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከተዛወረ በኋላ እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያደረጉት ታላቅ ግብር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይታወቃል። በኋላም በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የተመሠረተው በእኒሁ እቴጌ ነው፤ ስማቸውንም እስከ ዛሬ ይዟል። እንግዳ መቀበል «የሎሌ ሥራ» ነው የሚለው ንቀት እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ጋር አይገጥምም።

ሁለት በሮች

በኢትዮጵያ ወደዚህ ሙያ የሚያስገቡ ሁለት ዋና በሮች አሉ። አንደኛው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲሆን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይደርሳል። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሁለቱን እንደ አንድ መሰላል ታችና ላይ ብቻ ያያቸዋል። እውነቱ ግን የሚያስተምሩት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው።

በደረጃ የሚሰጠው ሥልጠና እጅን ያስተምራል። ምግብ ዝግጅት፣ የምግብና መጠጥ መስተንግዶ፣ ሃውስ ኪፒንግ የሚባለው የመኝታ ክፍሎች አያያዝ፣ የእንግዳ መቀበያ ሥራ፣ ዳቦና ኬክ ሥራ ለየብቻቸው ሙያዎች ናቸው። አንድ ወጣት «ሆቴል ተምሬያለሁ» ሲል ከእነዚህ የትኛውን እንደተማረ መጠየቅ አለበት፤ ምግብ አብሳይን የሚፈልግ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ የሠለጠነን አይቀጥርምና። በሀገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ፖሊሲ መሠረት ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶ ያህሉ በተግባር፣ 30 በመቶው ደግሞ በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይፈለጋል። ሠልጣኙ በድርጅት ውስጥ የሚለማመድበት ክፍል የትብብር ሥልጠና ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ኮሌጁ በምረቃ ቀን የሚሰጠው ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አንድ አይደሉም። ብቃቱን የሚያረጋግጠው በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው ምዘና ነው፤ ይህም ከኮሌጁ ውጭ ባለ መዛኝ የሚካሄድ ነው። ቀጣሪው የሚጠይቀው፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለማለፍም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ኮሌጅ በር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት አስመርቃችኋል?» ሳይሆን «ካስመረቃችኋቸው ውስጥ በዚህ ሙያ፣ በዚህ ደረጃ ምዘናውን ያለፉት ስንት ናቸው?» መሆን አለበት። ቁጥሩን በግልጽ የሚናገር ኮሌጅ ራሱን ያከበረ ነው፤ ወሬውን ወደ ምረቃው ድምቀት የሚያዞር ደግሞ መልሱን ሰጥቷል።

ዲግሪው ሌላ ነገር ያስተምራል። የሆቴል ማኔጅመንት ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ የሒሳብ አያያዝ፣ የገበያ ጥናት፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የምግብና መጠጥ ቁጥጥር፣ የጥናት ዘዴና የመሳሰሉትን ይወስዳል። ወጥ ቤት ይገባል፤ ነገር ግን ወጥ ቤት አያድርም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የመውጫ ፈተና ስለሚሰጥ፣ 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ የትምህርቱን ዓመታት ቢጨርስም ዲግሪውን አይቀበልም። በግል ኮሌጅ ለአራት ዓመት የሚከፍል ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ መግባት የለበትም፤ የኮሌጁ ተማሪዎች በዚሁ የትምህርት ዘርፍ ያስመዘገቡትን የመውጫ ፈተና ውጤትም መጠየቅ መብቱ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ይገባል። አንድ ሳህን ጥብስ ለማዘጋጀት የሥጋው፣ የሽንኩርቱ፣ የቅቤውና የቅመሙ ወጪ 120 ብር ነው እንበል። ቤቱ የምግብ ወጪ ከሽያጩ 40 በመቶ እንዳያልፍ ከወሰነ መሸጫው 300 ብር ይሆናል። በእጁ የተካነው አብሳይ ጥብሱን ያጣፍጣል፤ ነገር ግን ሽንኩርት ሲላጥ፣ ሥጋ ከአጥንትና ከጅማት ሲለይ ምን ያህል እንደሚጎድል መዝኖ ካላሰላ ቤቱ ሞቅ ደመቅ እያለ ይከስራል። ባለ ዲግሪው ሒሳቡን ያሰላል፤ ነገር ግን ቢላዋ ይዞ የማያውቅ ከሆነ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቃሉ አይሰማም። በዓለም ላይ ያሉት ሁለት የትምህርት ወጎችም ከዚሁ የመነጩ ናቸው። በ1893 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሎዛን የተከፈተው የሆቴል ትምህርት ቤትና በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፕሮግራም የሆቴል አስተዳዳሪ ለማፍራት የታለሙ ነበሩ። በ1895 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተመሠረተው ለ ኮርዶን ብለ እና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው የምግብ ዝግጅት ኢንስቲትዩት ግን መነሻቸው ምድጃው ነው።

ለአብዛኛው የሰሜን ሸዋ ወጣት፣ በተለይ አቅሙ ውስን ለሆነ ቤተሰብ ልጅ፣ የሚሻለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ በደረጃ ሠልጥኖ፣ ምዘናውን አልፎ፣ ሥራ ከያዘ በኋላ በማታው ወይም በቅዳሜና እሑዱ መርሐ ግብር ወደ ዲግሪ መሄድ ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ትምህርቱ በመሐል ቢቋረጥ እንኳ በእጁ የሚበላበት ሙያ ይቀርለታል። በአራት ዓመት ዲግሪ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት ላይ የቆመ ግን የሚያሳየው ነገር የለውም።

የት ይማራል?

በሀገሪቱ በዘርፉ ረጅም ዕድሜ ያለው ተቋም በአዲስ አበባ የሚገኘው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ነው። የተመሠረተው በ1960ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ፣ ሒልተን ሆቴል በአዲስ አበባ በተከፈተበትና ሀገሪቱ የሠለጠነ የሆቴል ሠራተኛ አጥብቃ በፈለገችበት ዘመን ነው። ስሙ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ አንጋፋ ባለሙያዎች አሁንም በድሮ ስሙ ይጠሩታል። የሚቀበለው በማመልከቻ በመሆኑ ከሰሜን ሸዋ የሚሄድ ወጣት የምዝገባ ማስታወቂያውን መከታተል፣ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪም አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም በየቀኑ ተመላልሶ መማር አይቻልም።

በአማራ ክልል ጎንደርና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፣ በደቡብ ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሆቴልና የቱሪዝም ትምህርትን በዲግሪ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ መታወስ ያለበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በተማሪው ምርጫና ውጤት ላይ ተመሥርቶ በማእከል የሚካሄድ መሆኑ ነው፤ የትምህርት ክፍሉም የሚለየው ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በኋላ ነው። የሆቴል ማኔጅመንት ተማሪ መሆን የፈለገ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ያልፈለገውም አንዳንድ ጊዜ ተመድቦበት ያገኘዋል፤ እንዲህ ያለው ተማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ የሆቴል ሥራ ሌሊትና በዓል እንደማያውቅ ሲረዳ ይደነግጣል።

በዞኑ ውስጥ ያሉት የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክና ሌሎች የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለቤተሰብ ቅርብ፣ በክፍያም ቀላል ናቸው። በየዓመቱ የሚቀበሉባቸው ሙያዎችና የመግቢያ ነጥቦች ግን ሊለያዩ ስለሚችሉ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ማየት እንጂ ባለፈው ዓመት የተማረን ሰው መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የግል ኮሌጆች ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ጎበዙን ከሰነፉ ለመለየት ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ይረዳል።

ፈቃዱ ለማን፣ የት፣ ለምን?

የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን እውቅና የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በክልሉ የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ በክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ በኩል ይታያሉ። ብዙ ሰው «ኮሌጁ ፈቃድ አለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ይታየዋል። ጥያቄው ግን ጎዶሎ ነው። እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍና ደረጃ ነው። በአዲስ አበባ ካምፓሱ ለሆቴል ማኔጅመንት እውቅና ያለው ኮሌጅ በደብረ ብርሃን ቅርንጫፉ ለዚያው ትምህርት እውቅና ላይኖረው ይችላል። በሒሳብ አያያዝ የተፈቀደለት ቅርንጫፍ ምግብ ዝግጅትን በዚያው ወረቀት ሊመዘግብ አይችልም። በደረጃ 2 የተፈቀደለትም በደረጃ 4 ማሠልጠን አይችልም።

ስለዚህ አመልካቹ ወረቀቱን ሲያይ አራት ነገር ያነባል፤ የካምፓሱን አድራሻ፣ የሙያውን ስም፣ ደረጃውንና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን። ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን እንደ አዲስ በመመዝገብ ሥራ ላይ በቆየባቸው ያለፉት ዓመታት ትናንት የነበረ ፈቃድ ዛሬ ላይኖር እንደሚችል ብዙ ተማሪዎች በራሳቸው ላይ ሲደርስ አይተዋል። ከኮሌጁ ቃል ይልቅ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄዶ ወይም ደውሎ ማረጋገጥ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም።

ወጥ ቤቱን ማየት

ፈቃድ ዝቅተኛውን መስፈርት ያሳያል፤ ትምህርቱ ግን የሚገኘው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ከምዝገባ በፊት ወጥ ቤቱን ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥሩ ኮሌጅ ራሱ ይጋብዛል። መጎብኘት ያለበት ግን በክፍት ቀን ሳይሆን ሠልጣኞች በሚሠሩበት ተራ ሰዓት ነው።

ምን ይታያል? መጀመሪያ እጅ መታጠቢያው። ውኃ ይወርዳል? ሳሙና አለ? እጅ የሚታጠብበትና አትክልት የሚታጠብበት ገንዳ የተለያየ ነው? የምግብ ደኅንነት ትምህርት ዋናው ቁምነገር ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ረጅም ጊዜ እንዳይቆይ ማድረግ ነው፤ በዚህ መካከል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባልና። ማቀዝቀዣው ላይ ቴርሞ ሜትር የሌለበት፣ ጥሬ ሥጋና የተላጠ አትክልት በአንድ መክተፊያ የሚከተፍበት ማሠልጠኛ ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ቢጽፈውም አላስተማረውም።

ቀጥሎ ምድጃው ይቆጠራል። 40 ሠልጣኝ ባለበት ክፍል ሁለት ምድጃ ብቻ ካለ ሁለቱ ያበስላሉ፣ ሠላሳ ስምንቱ ያያሉ። አንድ ሠልጣኝ በሳምንት ስንት ጊዜ በገዛ እጁ እንደሚያበስል፣ ግብዓቱ በማን ወጪ እንደሚገዛ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቦታ ሥጋና ዶሮ በሥልጠናው ዘመን ሁሉ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይገዛል፤ ቀሪው በፎቶ ኮፒ ይማራል። የአሠልጣኙ የኋላ ታሪክም ከዲግሪው እኩል ይመዝናል፤ በሆቴል ወጥ ቤት ስንት ዓመት ሠርቷል? በኬንያ በ1975 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ድጋፍ የተመሠረተው ኡታሊ ኮሌጅ በምሥራቅ አፍሪካ ስሙ የገነነበት አንዱ ምክንያት ሠልጣኞች እውነተኛ እንግዳ የሚያስተናግዱበት የራሱ ሆቴል ስላለው ነው። እንዲህ ያለ አቅም ያለው በሀገራችን ጥቂት ነው፤ ሆኖም የራሱ ሆቴል የሌለው ኮሌጅ ሠልጣኞቹን የሚልክባቸው ሆቴሎች ከእርሱ ጋር የተፈራረሙት ስምምነት ሊኖረው ይገባል። «ቦታውን ራሳችሁ ፈልጉ» የሚል ኮሌጅ ከሥልጠናው ትልቁን ክፍል ለሠልጣኙ መልሶ አሸከመው ማለት ነው።

ለደብረ ብርሃን ሠልጣኝ ደግሞ ከመጽሐፍ የማይገኝ አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ እናቶች ይህን ሳይንሱን ሳይሰሙት ያውቁታል። በእርሾ የሚነሣ ሊጥ ደግሞ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሙቀት እስካገኘ ድረስ ቶሎ ይነፋል፤ ካልተጠበቀም ቅርጹን ያጣል። በባሕር ጠረፍ ላሉ አገሮች የተጻፈ የኬክ አሠራር በደብረ ብርሃን እንዳለ ቢገለበጥ መሐሉ ይሰምጣል። ይህን የሚያውቅና መጠኑን የሚያስተካክል አሠልጣኝ የሚያስተምረውን ያውቃል። በደጋ ተምሮ ጅቡቲ ወይም ዱባይ ሊሠራ የሚሄድ ወጣትም ሰዓቱን እንደገና መለካት ይጠበቅበታል።

ሌላው መመዘኛ የሀገር ምግብ በትምህርቱ ውስጥ ያለው ቦታ ነው። ነጭ ስጎና የአውሮፓ መረቅ በጥንቃቄ የሚያስተምር፣ ዶሮ ወጥን ግን «ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ» ብሎ የሚያልፍ ትምህርት ቤት አለ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ዶሮ ወጥ ለሆቴል አይበቃም። ሽንኩርቱ በኪሎ፣ በርበሬው በግራም፣ የሚቁላላበት ጊዜ በደቂቃ ተጽፎ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ጣዕም መስጠት አለበት። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ በሚጾሙበት አካባቢ የጾም ምግብን እንደ ተጨማሪ ማየትም ስሕተት ነው። ስልጆ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የሽምብራ ዓሣ፣ ከገብስ የሚሠሩት በሶ፣ ቅንጬና ገንፎ በውጭ ሀገር ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ለሚፈልግ እንግዳ የሚቀርቡ ናቸው። በዚሁ ዞን በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ፣ በአልዩ አምባም አርጎቦች ዘንድ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን እንግዳ ሥጋና ዕቃ ለይቶ መያዝን እንደ መጀመሪያ ትምህርት ሊያውቅ ይገባል።

ለዚህ ትምህርት ዋጋ ምስክር የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ በፈረንሳይ ሊዮን በሚገኘው የፖል ቦኩዝ ተቋም ሠልጥኖ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ግን ስለ ፈረንሳይ ሳይሆን ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ነው። በኢትዮጵያ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን በጎተንበርግ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በአውሮፓ ወጥ ቤቶች ከታች ጀምሮ ሠርቶ ነው በኒው ዮርክ ስሙን ያተረፈው።

የማይታየው ወጪ

በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ወርሃዊ ክፍያ ሙሉ ወጪው አይደለም። የሼፍ ልብስና የማይንሸራተት ጫማ፣ ቢላዋ፣ የግብዓት መዋጮ፣ የምዘና ክፍያ፣ ለትብብር ሥልጠና ሲወጡ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ፣ የምግብ ባለሙያ በየጊዜው የሚያደርገው የጤና ምርመራ ይጨመራሉ። እነዚህን በጽሑፍ ዘርዝሮ የማይሰጥ ኮሌጅ በመሐል መጠየቁ አይቀርም። ክፍያ ሲፈጸም በኮሌጁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኙ መቀመጥ አለበት። ሠልጣኙ ቢያቋርጥ ስለሚመለሰው ገንዘብም በውሉ ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ሥራው የት ነው?

የሆቴል ሙያ ከሰላም ጋር የተቆራኘ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ወጣቱን ማስመዝገብ ማታለል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም የኮቪድ ወረርሽኝ፣ በ2014 ዓ.ም እስከ ሰሜን ሸዋ የደረሰው ጦርነት፣ ከዚያም በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግር ጎብኚን አራቀ። በላሊበላና በጎንደር ብዙ የሆቴል ሠራተኛ ሥራ አጥቷል። አንኮበር የወፍ ዋሻ ደንና በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የአንኮበር ሴሪን ወፍ አላት፤ መንዝ ደግሞ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራና የጭላዳ መንጋ አለው። እነዚህ መስኅቦች የትም አይሄዱም፤ ጎብኚው ግን መንገዱ ሲከፈት ብቻ ነው የሚመጣው።

በዚህ ምክንያት በቱሪስት ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለ ሙያ መምረጥ ብልህነት ነው። ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። በፋብሪካ፣ በዩኒቨርሲቲና በሆስፒታል ለብዙ ሰው የሚያበስል፣ ንጽሕናውንና ወጪውን ጠብቆ በሰዓቱ የሚያቀርብ ባለሙያ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ዳቦና ኬክ ሥራም በአነስተኛ መነሻ የራስን ቤት ለመክፈት ያስችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማዋ ስለሚያልፍ የመንገደኛ ምግብ ቤትም ገበያ አለው። ከዞኑ ውጭ ደግሞ ከ1 ሺህ በላይ ክፍሎች ያሉትን የአዲስ አበባውን ስካይላይት የመሰሉ ትልልቅ ሆቴሎች ብዙ ሠራተኛ ይቀጥራሉ።

የሚቀጠር ወጣት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተሰጡትን መብቶች ቢያውቅ ይጠቅመዋል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እንግዳው በሒሳቡ ላይ የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ በአዋጁ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ስለዚህ አሠሪው «ደመወዝህ ትንሽ ቢሆንም ሰርቪስ ቻርጅ አለ» ሲል፣ ወጣቱ ቋሚው ደመወዝ ስንት እንደሆነ በውሉ ላይ ተጽፎ ማየት አለበት፤ እንግዳ ሲጠፋ የሚጠፋው ያ ነውና። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ አለመወሰኑም ይህን ጥንቃቄ ያጠናክረዋል።

ወደ ውጭ ለመሄድ

ወደ ዐረብ ሀገራት ሆቴሎች ለመቀጠር ወይም በውጭ ለመማር ለሚያስብ ወጣት የወረቀት ነገር ወሳኝ ነው። የሙያ ብቃት ማረጋገጫው የሚጠየቀው እዚህም ነው። የትምህርት ማስረጃው በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተረጋግጦ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መታየት አለበት፤ እውቅና ከሌለው ካምፓስ የወጣ ወረቀት የሚወድቀው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። «ገንዘብ ክፈል፣ ማስረጃውን እኛ እናወጣለን» የሚል ደላላ የሚሰጠው ወረቀት በሐሰተኛ ሰነድ ያስከስሳል። እንግሊዝኛና ዐረብኛ መናገር፣ የምግብ ስሞችን በፈረንሳይኛ ማወቅ ከማንኛውም የምረቃ ፎቶ ይበልጥ ደመወዝ ይጨምራል፤ ኮሌጁ ቋንቋን በስም ብቻ ወይስ በእውነት እንደሚያስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ በማዳመጥ ይታወቃል።

ለምዝገባ ሲሄድ አመልካቹ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን ዋናውንና ኮፒውን፣ የፋይዳ መታወቂያውንና ጉርድ ፎቶግራፎችን ይይዛል። የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በሁሉም ወረቀቶች ላይ በአማርኛም በላቲን ፊደልም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መስፈሩን ከመፈረሙ በፊት ያረጋግጣል፤ አንዲት ፊደል የተሳሳተችበት የምስክር ወረቀት በኋላ ፓስፖርት ሲወጣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ያመላልሳል።